ቴምፕሌቱን ለጊዜው ዝጉት፦ የሙዚቃ መጽሔት ለሚያዘጋጁ የሐዋሳ ተማሪዎች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሐዋሳ የምንማር የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ነን። አራት ሆነን የሙዚቃ መጽሔት አዘጋጁ ተብለናል። ሽፋን፣ ማውጫ፣ አንድ ረጅም ጽሁፍና ሌሎች ገጾች ያስፈልጋሉ። የቀረን ስምንት ሳምንት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በአጠቃላይ ልንሰራ አስበናል። ከኢንተርኔት ቆንጆ ቴምፕሌት አውርደን አማርኛ ስናስገባበት ግን አስጠላን። ምን ፎንት እንጠቀም? ስንት ገጽ ይሁን? ህትመቱስ ከአቅማችን በላይ አይሆንም ወይ?»

ከቴምፕሌቱ፣ ማለትም አስቀድሞ ከተዘጋጀው የገጽ ንድፍ፣ ልጀምር። አስጠላን ያላችሁት ዓይናችሁ በትክክል ስላየ ነው። ያ ገጽ የተሰራው ለላቲን ፊደል ነው። እዚያ ርዕስ የሚደምቀው በካፒታል ነው፤ የእኛ ፊደል ካፒታል የለውም። እዚያ የሰው ንግግር ሲመጣ ፊደሉ ዘመም ይላል፤ የእኛ ፊደል ግን ኮምፒውተሩ በግድ ሲያጋድለው የወደቀ ይመስላል። ስለዚህ ቴምፕሌቱን ለጊዜው ዝጉት። ዋናው ችግር ገጹ ከጽሁፉ በፊት መሰራቱ ነው። ልብስ በልክ እንደሚሰፋ ሁሉ ገጽም ለተጻፈ ጽሁፍና ለታወቀ አንባቢ ነው የሚሰራው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ሐሳባችሁ። «ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በአጠቃላይ» የሚለውን ተዉት። ስለ አራቱ ቅኝቶች፣ ስለ አምሃ ሬከርድስ ሸክላዎች፣ ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ግን ምንጫችሁ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ የሚያገኘው ነገር ነው። መምህራችሁ ሶስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ከየት እንደተቀዳ ያውቃል። ሁለተኛም፣ በጥቂት ገጽ ውስጥ ሰፊ ርዕስ ሲገባ ሁሉም ነገር እየተነካካ ያልፋል።

ትልልቆቹ የሙዚቃ መጽሔቶችም ሁሉንም ለማቀፍ ብለው አይደለም የጀመሩት። ኬራንግ እ.ኤ.አ. በ1981 እንግሊዝ ውስጥ ሲወጣ ሳውንድስ የተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ ልዩ ዕትም ነበር። ትኩረቱ ሄቪ ሜታል የሚባለው ከባድ የሮክ ሙዚቃ ነው። አንባቢው ያን ሙዚቃ የሚወድ ልጅ ነበር፤ ሌላውን ሰው ማስደሰት ስራው አልነበረም።

ሐዋሳ ተቀምጣችሁ፣ አዲስ አበባ ያለ ጋዜጠኛ ሊጽፈው የማይችለው ምንድነው? እኔን ብትጠይቁኝ፣ በከተማዋ ከሙዚቃ እንጀራ የሚበላው ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰርግ ሰርግ የሚሮጠው ባንድ አለ። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ማታ ማታ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው አለ። ሞንታርቦ የሚያከራይ አለ። በፍላሽና በሚሞሪ ዘፈን የሚጭን የሱቅ ልጅ አለ። በአንድ ምሽት ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ መዝፈን የሚጠበቅበት ድምፃዊስ ዝግጅቱን እንዴት ነው የሚሰራው? ለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ መልስ ብታመጡ ረጅሙ ጽሁፋችሁ ተገኘ ማለት ነው።

የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላንም አስባችሁ ይሆናል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ቄጣላ የተባለው የሲዳማ ባህላዊ ጭፈራ ሲጨፈር ማየትም ሆነ መስማት ትልቅ ነገር ነው። ቀኑን ግን ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። በእናንተ ስምንት ሳምንት ውስጥ የሚውል ከሆነ ሂዱ፣ ሽፋን አድርጉት። ካልዋለ ተዉት። ካልነበራችሁበት በዓል ላይ ከፌስቡክ በተለቀመ ፎቶ መጽሔት አይቆምም።

አንባቢውን ስትመርጡ ደግሞ «ወጣቱ» አትበሉኝ። አንድ ሰው ምረጡ። ለምሳሌ፦ በካምፓስ ባንድ ወይም በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የሚጫወት፣ ከዚህ መኖር ይቻል ይሆን እያለ የሚያስብ የሃያ ዓመት ልጅ። እሱን ከያዛችሁ ብዙ ክርክር በራሱ ያልቃል። የታዋቂ ሰው የፍቅር ወሬ ይግባ? አይግባ። የኪቦርድ ኪራይ ስንት ነው? ይግባ።

ከመጽሔቱ ጋር ሪፖርት የምታቀርቡ ከሆነ የአንባቢ ጥናት ያስፈልጋችኋል። እባካችሁ «እንዲህ ያለ መጽሔት ቢኖር ታነባለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ይሉኝታ አለው፤ ሁሉም «አዎ» ይላችኋል። «ስለ ሙዚቃ መጨረሻ ያነበብከው ምንድነው? የት? እስከ መጨረሻ አነበብከው?» በሉ። ይህ መልስ ይሰጣችኋል።

ስለ ቃለ ምልልሱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም መጽሔቱ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹን ማታ እየተጫወተ ሄዳችሁ አታናግሩት። 10 ሰዓት ገደማ፣ ዕቃውን ሲያወርድና ድምፅ ሲፈትሽ ሂዱ። ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ኪቦርዱ ላይ የለጠፈው ፕላስተር አለ? ምን ጽፎበታል? የዘፈን ዝርዝሩን በደብተር ነው ወይስ በስልክ የሚይዘው? የቺክቺካውን ሪትም ራሱ ነው የጫነው ወይስ ሰው አስጭኖ ነው? ከዚያ ጠይቁት። ትዝታ የሚጫወተው በስንት ሰዓት ነው? ለምን ያኔ? ኪቦርዱ የራሱ ነው? የሚከፈለው በወር ነው በምሽት? ባልተከፈለበት ቀን ምን አደረገ? «ሙዚቃን እንዴት ጀመርክ?» የሚለውን ለመጨረሻ አስቀሩት። በሱ ከጀመራችሁ ለሁሉም የሚሰጠውን የተለመደ መልስ ነው የምታገኙት። አንዳችሁ ስትጠይቁ ሌላችሁ ጻፉ፣ በስልክም ቅዱ። ከመቅዳታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ።

አሁን ወረቀት አውጡ። አራት ኤ4 ወረቀት መሀል ለመሀል እጠፉና አንዱን በሌላው ውስጥ ክተቱ። 16 ገጽ ያለው ትንሽ የመጽሔት ናሙና እጃችሁ ላይ አለ። በስቴፕል የሚሰፋ መጽሔት ገጹ ሁልጊዜ ለ4 መካፈል አለበት፦ 12፣ 16፣ 20። 14 ገጽ የሚባል የለም። ለአራት ሰው 16 ይበቃል፤ 24 ከተመኛችሁ ግማሹን በፎቶ መሙላታችሁ አይቀርም። ገጾቹን ከ1 እስከ 16 ቁጥር ስጧቸውና የሚገባውን በእርሳስ ጻፉባቸው። በሙያው ፍላት ፕላን የሚባለው ይኸው ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። 1 ሽፋን፣ 2 ሙሉ ፎቶ፣ 3 ማውጫና የአዘጋጆች ስም። 4 እና 5 ላይ አጫጭር ነገሮች፣ ከነሱ አንዱ የዋጋ ዝርዝር ይሁን፤ ሞንታርቦ፣ ኪቦርድ፣ የስቱዲዮ ሰዓት በከተማው ስንት እንደሚከራይ። 6 እና 7 ቃለ ምልልስ። ረጅሙ ጽሁፍ ከ8 እስከ 11። 12 እና 13 የፎቶ ታሪክ፣ 14 ዳሰሳ፣ 15 የሙዚቃ ዝግጅቶች መረጃ፣ 16 የጀርባ ሽፋን። እናንተ ከዚህ ብትለዩ ቅር አይለኝም። ግን ረጅሙ ጽሁፍ 8 እና 9 ላይ መጀመሩን እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። ያቺን የታጠፈች መጽሔት ግለጧት። መሀል ላይ 8 እና 9 አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ፎቶ ከገጽ ገጽ ሳይቆረጥ የሚዘረጋው እዚያ ብቻ ነው። 1 እና 16ም እንደዚሁ አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። ገንዘብ ካጠራችሁ እነዚህን ሁለት ፊቶች ብቻ በቀለም አሳትሙና ሌላውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ከስምንት የወረቀት ፊት ሁለቱ ብቻ በቀለም ይሆናሉ ማለት ነው፤ አንባቢ ሲገልጥ ግን ሽፋኑም መሀሉም ባለ ቀለም ሆኖ ያገኘዋል።

ወደ ፎንቱ ስንመጣ፣ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚያውቁበት የጋራ ስርዓት፣ የተሰራ ብቻ ተጠቀሙ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ስልት የተሰሩት የቆዩ ፎንቶች አሁንም በየኮምፒውተሩ አሉ። በነሱ የተጻፈን ጽሁፍ ፎንቱን ስትቀይሩት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። አንዳችሁ በአሮጌ፣ ሌላችሁ በአዲስ ጽፋችሁ ማታ ላይ ስትገናኙ ነው ጉዱ የሚፈላው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሶስቱም በነፃ ይወርዳሉ፤ ለህትመትም ይፈቀዳሉ።

ለረጅም ጽሁፍ አቢሲኒካ ደስ ይለኛል። የብራና ጽሁፍ ጠረን አለው፣ ዓይን አያደክምም። ግን ደማቅ የሚባል የለውም፤ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ደማቅ የምትለዋን ቁልፍ ብትጫኑ ሶፍትዌሩ በራሱ ያወፍረዋል። ያኔ የ«ጨ» እና የ«ሕ» ውስጥ ውስጡ ይደፈናል። ስለዚህ ለርዕስ ኖቶ ሳንስን ውሰዱ፤ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም እውነተኛ ደረጃዎች አሉት። ሁለት ፎንት በቂ ነው። ካፒታል የለንም ብለን አንዘን፤ የመጠንና የውፍረት ልዩነቱን ደፈር ብላችሁ ብትጨምሩ ርዕሱ ይጮኻል። ርዕስ 40 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ ነው)፣ መግቢያው 14፣ ጽሁፉ 10። እኩል የሚቀራረብ መጠን ነው ገጽን የሚያደበዝዘው።

የመስመር ክፍተቱን አስፉ። ቴምፕሌቱ ለ10 ፖይንት ፊደል 12 ሰጥቷችሁ ይሆናል። ለላቲን ይበቃል። የእኛ ፊደል ግን ሁሉም ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል አየር አይተውም። 14 ወይም 15 አድርጉት። አትሙትና በክንድ ርቀት ይዛችሁ አንብቡት፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ከሁሉም በላይ ግን ገጹን ያበላሸባችሁ ሶስቱ አምድ ይመስለኛል። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው፤ መነሻውም መድረሻውም እላዩ ላይ ይለጠፋል። «ስለማያስፈልጋቸው» ብላችሁ ስትጽፉ አሥር ፊደል ነው፣ ያውም አንድ ቃል። በኤ4 ገጽ ላይ ሶስት አምድ ስትሰሩ አንዱ መስመር የሚይዘው አራት ቃል ገደማ ነው። በዚያ ላይ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን ካላችሁ፣ ቃላቱ መሀል ትልልቅ ነጭ ክፍተት ይፈጠራል። ጽሁፉ የተቦዳደሰ ይመስላል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ሁለት አምድ አድርጉ፣ ጽሁፉንም በግራ በኩል ብቻ አሰልፉ፣ ቀኙን ልቀቁት። አንድ መስመር ስድስት ሰባት ቃል ይይዛል። መጠኑን ካወቃችሁ ጽሁፉንም መለካት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ገጽ ያለ ፎቶ 600 ቃል ገደማ ይወስዳል፤ ከርዕስና ከፎቶ ጋር 350 አካባቢ። ለአራት ገጽ ጽሁፍ 1300 ቃል ጻፉ። 3000 ጽፎ ፊደሉን ወደ 8 ማሳነስ አንባቢን መበደል ነው።

ቀለም ላይ አትበተኑ። የብራና መጻሕፍታችንን ተመልከቱ። በጥቁር ቀለም ተጽፈው አርዕስቱና የቅዱሳን ስም በቀይ ይወጣል። ሁለት ቀለም ነው፣ ግን የት እንደምትጀምሩ ወዲያው ታውቃላችሁ። አንድ ጥቁር፣ አንድ የራሳችሁ ቀለም ያዙ። ያን ቀለም ለአንድ ስራ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ለክፍል ስሞች ይሁን ለጥያቄዎች።

የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ ኢንዲዛይን ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ስክራይበስ ነፃ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ሙሉ መጽሔት አትስሩ። ለፎቶ እንጂ ለረጅም ጽሁፍ አልተሰራም፤ አንድ አንቀጽ ስታርሙ ሁሉንም ገጽ በእጅ ትነካካላችሁ።

ፎቶ ላይ ሁለት ነገር ልበል። የምሽት ክለብ መብራት ፊትን ሐምራዊ ያደርጋል፣ ከታተመ በኋላ ደግሞ ይጨልማል። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ፣ መስኮት አጠገብ አንሱት። ሁለተኛው የቴሌግራም ጉዳይ ነው። ለህትመት በኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። የዛሬ ስልክ 4000 በ3000 ፒክስል ሲያነሳ ለሙሉ ኤ4 ገጽ ይበቃል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትላላኩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ያ ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ስልክ ላይ ምንም አይታወቅም፤ ወረቀት ላይ ግን ደብዝዞ ቁጭ ይላል። እንደ ፋይል ላኩት፣ ወይም በፍላሽ ውሰዱት።

ሽፋኑን ስትሰሩ አዟሪው መጽሔቶቹን እንዴት እንደሚይዝ አስቡ። ደራርቦ ነው፤ የሚታየው የላይኛው ጫፍና የግራው ጎን ነው። የመጽሔቱ ስም ከላይ፣ ዋናው ርዕስ በግራ ይሁን። ስሙ አጭር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሶስት አራት ፊደል ከሆነ የገጹን ስፋት ሙሉ ይይዛል። አንድ ፊት፣ ወደ ካሜራው የሚያይ፣ በቂ ነው። አምስት ፎቶ የተለጣጠፈበት ሽፋን ከሩቅ ምንም አይናገርም።

ፊደል አጠቃቀማችሁን አስቀድማችሁ ተስማሙ። «ሐዋሳ» ነው «ሀዋሳ»? «ጽሁፍ» ነው «ፅሁፍ»? አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የሲዳምኛ የዘፈን ርዕስ በፊደል ስትጽፉ ደግሞ ቋንቋውን የሚናገር ሰው፣ ከተቻለ ዘፋኙ ራሱ፣ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። የሚጠብቀውና የሚረዝመው ድምፅ በፊደላችን አይታይም፤ ስህተት በቀላሉ ይገባል። የሰው ስም ላይ ስህተት ከምትሰሩ ገጽ ብትጥሉ ይሻላል።

በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፈን ግጥምም ፎቶም የባለቤቱ ነው። ጥቂት ስንኝ ምንጭ ጠቅሳችሁ መጥቀስ ትችላላችሁ። ሙሉ ግጥም ለማተም ግን ፈቃድ ጠይቁ፣ በጽሁፍ።

ህትመቱ ያስፈራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን ይቻላል። ውድ ወረቀት አትመኙ። ሮሊንግ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1967 ሲጀምር በጋዜጣ ወረቀት ነበር የሚታተመው። ውስጡን 80 ግራም፣ ሽፋኑን 150 ግራም አድርጉና ሶስት ቦታ ፕሮፎርማ አውጡ። ሁሉም ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ቅጂ፣ ስንት ፊት በቀለም፣ ስቴፕልና መከርከም ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ለጥቂት ቅጂ ዲጂታል ህትመት ይሻላል፤ ኦፍሴት፣ ማለትም በፕሌት የሚሰራው የማተሚያ ቤት ህትመት፣ ብዙ ካላሳተማችሁ አያዋጣም። አቅም ከጠፋ በግማሹ፣ በኤ5 ስሩት። ያኔ አምዱ አንድ ብቻ ይሁን። ፋይሉን በፒዲኤፍ ስጡ። እስከ ጠርዝ የሚደርስ ፎቶ ካለ ከገጹ 3 ሚሊ ሜትር ይለፍ፤ ጽሁፍ ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ። የጽሁፉ ጥቁር ንጹህ ጥቁር ይሁን፤ ከአራቱም የማተሚያ ቀለም ተደባልቆ የሚመጣ ጥቁር ትንንሽ ፊደልን ያደበዝዛል። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ቅጂ አስወጥታችሁ እዩ።

ጊዜውን እንዲህ ብትከፍሉት ይበቃል። ሁለት ሳምንት ለአንባቢውና ለፍላት ፕላኑ፣ ሶስት ለዘገባና ለመጻፍ፣ አንድ ለእርማት፣ አንድ ለገጽ ቅንብር፣ የመጨረሻው ለማተሚያ ቤት። ገጽ ቅንብር ከተጀመረ በኋላ ጽሁፍ አይነካም፤ የተሳሳተ ነገር ከሌለ በስተቀር። እርማቱን በወረቀት አድርጉ፤ ጽሁፉን ያልጻፈው ያርመው። መብራት ይሄዳልና በየማታው ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ከአራታችሁ አንዱ «ይህ አይገባም» የማለት ስልጣን ይኑረው፣ ሌሎቻችሁም ተቀበሉት። በድምፅ ብልጫ የተሰራ ገጽ የሁሉንም ፍላጎት ይይዝና ማንም የማይወደው ይሆናል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ስትጨርሱ የታጠፈችውን መጽሔት በእርሳስ እንደተጻፈች ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ገጽ በገጽ አይቼ የሚበዛውንና የሚጎድለውን እነግራችኋለሁ።